ልጅ ከተዳረ በኋላ፦ የያሱጂሮ ኦዙ ሕይወትና የዕለት ተዕለት ስሜቶች በፊልም

መግቢያ

ኢትዮጵያውያን ምሁራን ጃፓንን ለረጅም ጊዜ የተመለከቱት በአንድ ጥያቄ በኩል ነው። ጥያቄውም ይህች የእስያ አገር ነጻነቷንና ባህሏን ሳታጣ በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዴት ልትሠለጥን ቻለች የሚል ነበር። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሜጂን ሕገ መንግሥት አብነት ማድረጉና ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተሰኘውን መጽሐፍ ማሳተማቸው የዚሁ ጥያቄ ፍሬዎች ናቸው። መጽሐፉ በታተመበት በዚያው በ1946 ዓ.ም.፣ በጥቅምት ወር፣ ጃፓን ውስጥ «የቶኪዮ ወግ» የተባለ ፊልም ለተመልካች ቀረበ። ፊልሙ ስለ መርከብ ግንባታ፣ ስለ ፋብሪካ ወይም ስለ ጦር ኃይል አያወራም። የሚያወራው ከአንዲት የወደብ ከተማ ተነሥተው በዋናው ከተማ የሚኖሩ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ስለሄዱ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ነው። የእኛ ምሁራን ጃፓን እንዴት እንደ ሠለጠነች ሲጠይቁ፣ የፊልሙ ዳይሬክተር ያሱጂሮ ኦዙ የሠለጠነው ሰው ከእናት ከአባቱ ጋር እንዴት እየኖረ እንደሆነ ይጠይቅ ነበር።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የኦዙን ሕይወት መተረክና ከሕይወቱ በመነሣት ተራ የሚባሉ የቤተሰብ ስሜቶች በፊልሞቹ ውስጥ እንዴት እንደ ተቀረጹ ማሳየት ነው። በመጨረሻም ይህ የሕይወት ታሪክ በአዲስ አበባ፣ በተለይም በቦሌና በምሥራቁ የከተማዋ ክፍል ለሚገኝ የፊልም ተመራማሪ ምን ፋይዳ እንዳለው ይጠቁማል። «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ያልተጻፈባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት፦ የራቀ አባት

ኦዙ ታኅሣሥ 12 ቀን 1903 በቶኪዮ ከተማ ፉካጋዋ በተባለው የነጋዴዎች ሠፈር ተወለደ። ለወላጆቹ ሁለተኛ ወንድ ልጅ ሲሆን፣ አባቱ በማዳበሪያ ንግድ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። በ1913 እናቱ ልጆቿን ይዛ የአባቱ የትውልድ ስፍራ ወደሆነችው ማትሱሳካ ስትሄድ፣ አባቱ ንግዳቸውን ለማካሄድ ቶኪዮ ቀሩ። ኦዙ ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ያደገው በእናቱ እጅ ነው። አባቱ በቤቱ ውስጥ በስም የሚታወቁ፣ በአካል ግን እምብዛም የማይታዩ ሰው ሆኑ። በኋላ በሠራቸው ፊልሞች አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙ ሳይነጋገሩ የሚግባቡባቸው ትዕይንቶች መብዛታቸውን ከዚህ የልጅነት ታሪክ ነጥሎ ማየት ያስቸግራል።

በትምህርቱ የተመሰገነ ተማሪ አልነበረም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ለአንድ ታናሽ ተማሪ ደብዳቤ ጽፏል በሚል ክስ ከአዳሪ ቤት ተባርሮ ከእናቱ ቤት በባቡር ለመመላለስ ተገደደ። ይህ ቅጣት ነጻ ጊዜ ስለ ሰጠው ሲኒማ ቤት ማዘውተር ጀመረ። የአሜሪካ ፊልሞችንም በብዛት ተመለከተ። ወላጆቹ የንግድ ትምህርት እንዲከታተል ቢፈልጉም የመግቢያ ፈተናውን አላለፈም። ስለዚህም በተራራማ አካባቢ በምትገኝ አንዲት መንደር ለአንድ ዓመት ያህል በተተኪ መምህርነት ሠራ። ፈተና የወደቀ ልጅ፣ ተስፋ ያደረገች እናትና የገጠር መምህር በኋላ የፊልሞቹ ባለታሪኮች ሆነው ተመልሰዋል።

ወደ ፊልም ሥራ መግባት

በ1923 ቤተሰቡ ቶኪዮ ላይ እንደገና ሲሰበሰብ ኦዙ ሾቺኩ በተባለው የፊልም ድርጅት በረዳት ካሜራ ሠራተኛነት ተቀጠረ። የተቀጠረው በነሐሴ ሲሆን፣ መስከረም 1 ቀን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የፈጀው ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን አወደመ። ያደገበት ሠፈር ከተቃጠሉት ወገን ነበር። ኦዙ ከተማዋ ፈርሳ ስትሠራ ሁለት ጊዜ አይቷል፤ አንዴ ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ፣ ሁለተኛ ከጦርነቱ በኋላ። በፊልሞቹ ውስጥ የልብስ ማድረቂያ ገመድ፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ የባቡር ሐዲድና ሰው የሌለበት ኮሪደር ደጋግመው መታየታቸው ይህን የከተማ ተሞክሮ ያስታውሳል።

ዳይሬክተር የሆነበትን አጋጣሚ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ደጋግመው ይተርኩታል። በስቱዲዮው የምግብ አዳራሽ ተራውን ሲጠብቅ ከእሱ በኋላ ለመጣ ዳይሬክተር ምግብ ቀድሞ ስለ ቀረበለት ተቆጥቶ አስተናጋጁን መታው። የስቱዲዮው ኃላፊ ሺሮ ኪዶ አስጠርተው ካነጋገሩት በኋላ የፊልም ድርሰት እንዲያቀርብ አደረጉ። በ1927 የመጀመሪያ ፊልሙን ሠራ። ይህ ዛሬ የጠፋ ፊልም ስለ ጥንት ዘመን የሚተርክ ብቸኛ ሥራው ሲሆን፣ በሕይወት ዘመኑ ከሠራቸው 54 ፊልሞች የቀሩት ሁሉ የሚናገሩት እሱ ራሱ ስለሚኖርበት ዘመን ነው። ኪዶ የሚመሩት ስቱዲዮ የተራውን ሕዝብ ኑሮ፣ ሣቁንና እንባውን፣ ዋና ርእሰ ጉዳዩ ያደረገ ስለነበረ የኦዙ ዝንባሌ ምቹ ቦታ አገኘ።

የዚህ ዘመን ታላቅ ሥራው በ1932 የቀረበው «ተወለድን፣ ግን…» የተሰኘው ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ሁለት ወንድማማቾች በሠፈር ልጆች ዘንድ ጉልበተኞች ናቸው፤ አባታቸውንም ከሰው ሁሉ በላይ ያደርጉታል። አንድ ቀን በአባታቸው አለቃ ቤት በሚታይ አጭር ፊልም ላይ አባታቸው አለቃውን ለማሣቅ ሲቀልድና ፊቱን ሲያጣምም ያዩታል። በዚህ አፍረው ምግብ አንበላም ብለው ያኮርፋሉ። አባት ልጆቹን ይቆጣል፣ ይመታል፣ ማታ ግን ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ ልጆቹ የእሱ ዓይነት ኑሮ እንዳይገጥማቸው ይመኛል። በማግሥቱ ረኀብ ኩርፊያን ያሸንፋል። ፊልሙ የደመወዝተኛን ውርደት ያለ መፈክርና ያለ ፍርድ ያሳያል፤ አለቃውም ክፉ ሰው አይደለም። በቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛ ሳይፈልጉ ሕመምን ማሳየት የኦዙ መለያ የሆነው ከዚህ ጀምሮ ነው።

አባቱ በ1934 ሲሞቱ የቤቱ ኃላፊነት በኦዙ ላይ ወደቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ባለ ድምፅ ፊልሙን «አንድያ ልጅ»ን ሠራ። በሐር ፋብሪካ ተቀጥራ ልጇን ያስተማረች እናት ከብዙ ዓመታት በኋላ ቶኪዮ ሄዳ ስታየው፣ ትልቅ ሰው ይሆናል ያለችው ልጅ ከከተማው ዳር የሚኖር ድኻ የማታ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ታገኘዋለች። ልጅየው ያፍራል፤ እናትየዋ ታጽናናዋለች። ወደ አገሯ ስትመለስ ግን ለሥራ ባልደረባዋ ልጄ ትልቅ ሰው ሆኗል ብላ ነግራ፣ ብቻዋን ስትሆን ኀዘኗ ይወጣል።

ጦርነትና ዝምታ

የኦዙን ሕይወት በቤትና በቤተሰብ ብቻ መተረክ ግማሹን መተው ነው። በ1937 ለጦርነት ተጠርቶ ወደ ቻይና ዘመተ፤ ሁለት ዓመት ገደማም በዚያ ቆየ። የተመደበበት ክፍል የመርዝ ጋዝ መሣሪያ የሚይዝ ነበር። በማይጨውና በሌሎች የጦር ሜዳዎች የመርዝ ጋዝ ለወረደባት አገር ተመራማሪ ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የእናትን ኀዘን በዚያ ርኅራኄ የቀረጸው ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ የሌሎች እናቶችን ቤት በሚያፈርስ ሠራዊት ውስጥ ነበር። የቅርብ ወዳጁና የሙያ ባልደረባው ሳዳኦ ያማናካም በዚያው ዘመቻ በ1938 ታምሞ ቻይና ውስጥ ሞተ።

በ1943 ደግሞ የሠራዊቱን ዓላማ የሚደግፍ ፊልም እንዲሠራ ወደ ሲንጋፖር ተላከ። ፊልሙ ሳይጠናቀቅ ቀረ። በዚያ በነበረበት ጊዜ ከጠላት የተማረኩ የአሜሪካ ፊልሞችን ለማየት ዕድል አገኘ። ጃፓን ከተሸነፈች በኋላ በምርኮኛነት ቆይቶ በ1946 መጀመሪያ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ በሠራቸው ፊልሞች የጦር ሜዳ አይታይም። ጦርነቱ የሚታወቀው ባልተመለሰ ልጅ፣ በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፎቶግራፍ፣ ባሏን በሞት በተነጠቀች ወጣት ሴት ነው። ይህን ዝምታ በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። በአንድ በኩል ኀዘን በእውነተኛው ኑሮ ውስጥ የሚኖርበትን መንገድ ያሳያል፤ ሰው ስለ ሞተበት ዘወትር አያወራም፣ ሻይ እያፈላ ያስታውሰዋል እንጂ። በሌላ በኩል የተጎዳው ሰው ሁልጊዜ ጃፓናዊ ነው፤ በቻይና ስለ ደረሰው ጥፋት ፊልሞቹ አንድም ነገር አያነሡም። ሁለቱም ንባቦች ትክክል ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሊሽረው አይገባም። ቤተሰብን ብቻ የሚያይ ካሜራ ከቤቱ ግድግዳ ውጭ ያለውን ለመተው ምክንያት ሊያገኝ እንደሚችል ከኦዙ ሕይወት እንማራለን።

ልጅ መዳር

ከ1949 ጀምሮ ኦዙ ፊልሞቹን ሁሉ የጻፈው ከደራሲው ኮጎ ኖዳ ጋር ነው። ሁለቱ ለወራት አንድ ቤት ተቀምጠው፣ እየበሉና እየጠጡ፣ ንግግሩን ቃል በቃል እያሰሙ ይጽፉ ነበር። የመጀመሪያው ፍሬ «የጸደይ መገባደጃ» ነው። ሚስታቸው የሞቱባቸው ፕሮፌሰርና የ27 ዓመት ሴት ልጃቸው በሰላም ይኖራሉ፤ ልጅቱ አባቷን ትታ ማግባት አትፈልግም። አባት ልጃቸው ከእሳቸው ጋር እንዳታረጅ በመስጋት እሳቸው ራሳቸው እንደገና ሊያገቡ እንደሆነ ይዋሻሉ። ልጅቱ ተጎድታ ታገባለች። አባት ከሠርጉ ማታ ወደ ባዶ ቤታቸው ተመልሰው ብቻቸውን ይቀመጣሉ።

በዚህ ፊልም ውስጥ ሙሽራው አንድም ጊዜ አይታይም፤ ሠርጉም አይታይም። በእኛ አገር ልጅ መዳር ሽማግሌ ከመላክ ጀምሮ ጥሎሹን፣ ድግሱን፣ መልሱንና ቅልቅሉን ያካተተ ረጅም ሥርዓት ሲሆን፣ የሠርግ ቪዲዮው ሁሉንም ይቀርጻል። ቪዲዮው የማይቀርጸው እንግዳው ከተሸኘ፣ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ የእናትና የአባትን ማታ ነው። ኦዙ የመረጠው ይህን ማታ ነበር። ድርጊቱን ዘሎ ድርጊቱ ትቶት የሚሄደውን ስሜት ማሳየት የትረካ ስልቱ መሠረት ነው።

የካሜራ አያያዙም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ካሜራው ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ዝቅ ይላል፤ ለእኛ በሚገባ አነጋገር ቡና የምታፈላ ሴት ከተቀመጠችበት በርጩማ ከፍታ ብዙም አይበልጥም። እምብዛም አይንቀሳቀስም። የሌንሱም ዓይነት በአብዛኛው አንድ ነው። ተዋናዮቹ ሲነጋገሩ ወደ ካሜራው ስለሚያዩ ተመልካቹ እንደ ባዳ በበር የሚያጮልቅ ሳይሆን እንደ እንግዳ አብሮ የተቀመጠ ይመስለዋል። ይህን ሁሉ በየፊልሙ የሠራው ከሞላ ጎደል ከአንድ ጓድ ጋር ነው፤ አባት ሆኖ ቺሹ ርዩ፣ ልጅ ወይም ምራት ሆና ሴትሱኮ ሃራ፣ ከካሜራው ጀርባ ደግሞ ዩሃሩ አትሱታ።

ስለ ጋብቻ በዚህ መጠን የሠራው ሰው ራሱ አላገባም። በ1952 ወደ ሰሜን ካማኩራ ተዛውሮ ከእናቱ ጋር ኖረ። የዳረው ልጅ፣ የተለየው ሚስት አልነበረውም። ሆኖም ከእናት ጋር የሚኖር ጎልማሳ ልጅ ነበርና አንዱ ሌላውን ላለመጉዳት ሲል የሚደብቀውን ነገር ከዕለት ኑሮው ያውቀዋል።

«የቶኪዮ ወግ»

በ1953 የቀረበው ይህ ፊልም ከኦኖሚቺ ተነሥተው ረጅሙን መንገድ በባቡር የሄዱ ሽማግሌና ባለቤታቸውን ይከተላል። ትልቁ ልጃቸው የሠፈር ሐኪም ነው፤ ሊያዘዋውራቸው ባሰበበት ቀን በሽተኛ ይጠራዋል። ሴት ልጃቸው የውበት ሳሎን አላት፤ ደንበኛ ይበዛባታል። ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ወደ መዝናኛ ከተማ ይልኳቸዋል፤ በዚያም ጫጫታው እንቅልፍ ይነሣቸዋል። ፈቃድ ወስዳ ከተማውን የምታሳያቸው፣ በጠባብ ክፍሏ አሮጊቷን የምታሳድር በጦርነቱ የሞተው ልጃቸው ሚስት ኖሪኮ ናት። ወደ አገራቸው እንደ ተመለሱ አሮጊቷ ይሞታሉ። ልጆቹ መጥተው ያለቅሳሉ፤ ሴት ልጅ የእናቷን ልብስ ለማስታወሻ ትጠይቃለች፤ ወዲያውም ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ከወላጆቿ ጋር የቀረችው ታናሽ እኅት ስትማረር፣ ኖሪኮ ልጆች ሲያድጉ የራሳቸው ኑሮ እንደሚይዛቸውና እሷም ራሷ ከዚህ እንደማታመልጥ ታስረዳታለች። ሽማግሌው የሚስታቸውን ሰዓት ለምራታቸው ይሰጧታል።

ፊልሙን ከብዙ የቤተሰብ ድራማዎች የሚለየው ፍርድ ለመስጠት አለመቸኮሉ ነው። ልጆቹ ወላጆቻቸውን አላባረሩም፣ አልሰደቡም፣ አላስራቡም። ሥራ ነበራቸው። ሽማግሌዎቹም ቅሬታቸውን በግልጽ አይናገሩም፤ ከብዙ ሰው የተሻሉ ልጆች እንዳሏቸው ተነጋግረው ራሳቸውን ያጽናናሉ። ተመልካቹ የሚጨነቀው ክፉ ሰው ፈልጎ ስለሚያጣ ነው፤ ሲያጣም ወደ ራሱ ይመለሳል።

የመጨረሻ ዓመታት

ከ1958 ጀምሮ ኦዙ በቀለም መሥራት ጀመረ። በ1959 ያቀረበው «እንደምን አደራችሁ» ቴሌቪዥን ካልተገዛልን አንናገርም ብለው ዝም ስላሉ ሁለት ሕፃናት የሚያሥቅ ፊልም ሲሆን፣ የየዕለቱ ሰላምታ ፍሬ ቢስ ቢመስልም ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያያይዝ መሆኑን ያሳያል። በዚህ ዘመን ወጣት የጃፓን ዳይሬክተሮች ሥራዎቹን ያረጁና ከፖለቲካ የራቁ አድርገው ይመለከቷቸው ነበር። በ1962 የመጨረሻ ፊልሙን፣ እንደገና ሴት ልጃቸውን ስለሚድሩ አባት፣ እየጻፈ ሳለ እናቱ አረፉ። ኦዙም በካንሰር ታምሞ ታኅሣሥ 12 ቀን 1963፣ ልክ 60 ዓመት በሞላው ቀን ሞተ። በካማኩራ በሚገኘው መቃብሩ ላይ ስሙ አልተቀረጸም፤ የተጻፈው አለመኖርን ወይም ባዶነትን የሚያመለክት አንድ ፊደል ብቻ ነው። ሥራዎቹ በምዕራቡ ዓለም በስፋት የታወቁት ከሞተ በኋላ ሲሆን፣ በ2012 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የብሪታንያ የፊልም መጽሔት የዓለም ዳይሬክተሮችን ድምፅ ሲሰበስብ «የቶኪዮ ወግ» በአንደኛነት ተመርጧል።

ከአዲስ አበባ ሲታይ

ኦዙ በሞተ በዓመቱ ገደማ፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ በቶኪዮ አደባባዮች ሮጦ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። በዚያው ዓመት «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሰኘው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ለተመልካች ቀረበ። የአማርኛ ፊልም አፉን የፈታው ርእሱ ራሱ በሚመሰክረው የቤተሰብ ጥያቄ እንደሆነ ልብ ይሏል። በኋላም በየሲኒማ ቤቱ፣ በቦሌ ጎዳና ያለውን ዓለም ሲኒማን ጨምሮ፣ ተመልካች የሳበው በአብዛኛው የፍቅርና የቤተሰብ ታሪክ ነው። ስለዚህ የኦዙ ርእሰ ጉዳይ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ልዩነቱ በአተራረክ ላይ ነው። በብዙዎቹ ፊልሞቻችን ቤተሰብ እንዲፈተን የተሰወረ ማንነት፣ ድንገተኛ ሕመም ወይም የሀብት ልዩነት ያስፈልጋል፤ ለኦዙ ግን የልጅ ማደግ ብቻውን በቂ ነው።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ይህን የሚመስል ታሪክ በየደጁ አለ። በሰሚት፣ በአያት፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖረው ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ከነባር ሠፈሩ፣ ከእድሩና ከቡና አጣጪው ተለይቶ የመጣ ነው። ከጎጃም ወይም ከወሎ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አባት አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ የልጃቸውን መምጣት ይጠብቃሉ፤ ልጅየው ከሥራ ወጥቶ በመገናኛ በኩል ታክሲ ተሰልፎ ሲደርስ መሽቷል። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሴት ልጃቸውን ሊያርሱ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄዱ እናቶች፣ አርሰው ሲመለሱ የልጅ ልጃቸውን በስልክ መስኮት ብቻ ያያሉ። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ በዳይ የለም። በዳይ ስለሌለም ለፊልም የማይበቁ ይመስላሉ።

ማጠቃለያ

የኦዙ ሕይወት የሚያስረዳው ተራ ስሜት በተራ መንገድ የሚገኝ አለመሆኑን ነው። አባቱን በሩቅ ያወቀ ልጅ፣ ፈተና የወደቀ ተማሪ፣ በጦርነት የተሳተፈ ወታደርና ከእናቱ ጋር ያረጀ ያላገባ ሰው አንዱን የቤት ውስጥ ታሪክ ደጋግሞ በመሥራት የአንድን ኅብረተሰብ ለውጥ መዝግቧል። ዝምታው ያስተማረንን ያህል የሸፈነውም ነገር እንዳለ ማስታወስ ይገባል። የአማርኛ ፊልም ጥናት እስካሁን ለታሪኩ ጭብጥና ለሴራው የሰጠውን ትኩረት በሁለት ድርጊቶች መካከል ላለው ጊዜ፣ ማለትም ለመጠበቅ፣ ለመሸኘትና ብቻ ለመቅረት ቢሰጥ፣ የከተማችንን መለወጥ ከሕንጻዎቹ ይልቅ በሰዎቹ ፊት ላይ ለማንበብ ይችላል። ጃፓን እንደምን ሠለጠነች ብለን ለጠየቅነው ጥያቄ ሁለተኛው ምዕራፍ ይህ ነው።